ላንጋኖን ለካልሲ የሰጠሁ ዕለት

ልጅ ሳለሁ ሰው ፊት አፌን የምከፍተው እጄ ላይ ካልሲ ሲኖር ብቻ ነበር። ያኔ አዳማ ውስጥ፣ አምስት ተከራይ በሚኖርበት ግቢ፣ ከበሩ ገባ ብሎ በስተግራ ባለች አንድ ክፍል ቤት እንኖር ነበር። አባቴ ዱቄት ፋብሪካ ይሠራል፤ ፈረቃው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር አንዳንድ ሳምንት እኔ ስነቃ እሱ ይተኛል። እናቴ ደግሞ ላንጋኖ፣ ሐይቁ ዳር ባለ አንድ ሆቴል ልብስ አጣቢ ነበረች። መንገዱ ሩቅ ስለሆነ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትመጣና ሰኞ ገና ሳይነጋጋ ትሄዳለች። በመካከሉ ባሉት ቀናት እኔን የሚጠብቁኝ አኮ ሎሚ ነበሩ።

አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። አኮ ሎሚ የማናችንም አያት አልነበሩም። የግቢው ጥግ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ትውልዳቸው አዳሚ ቱሉ የሆነ፣ ረጅምና ቀጭን ሴት ነበሩ። ወላጆቻችን ከሥራ እስኪመለሱ የግቢው ልጆች በሙሉ እሳቸው ደጃፍ እንውላለን። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛ ጣል ስለሚያደርጉ እኛም ሳይታወቀን እንደሳቸው እናወራ ነበር። እኔን በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው።

ካልሲዎቹን የምታመጣው እናቴ ነበረች። የሆቴል እንግዶች ሲሄዱ ካልሲ ይረሳሉ። ሁለቱንም የሚረሳ ግን የለም፤ ሁልጊዜ አንዱን ነው። ለነጠላ ካልሲ ብሎ ተመልሶ የሚመጣ እንግዳ ስለሌለ፣ ጊዜ ቆይቶ ሊጣል ሲል እናቴ ጠይቃ በፌስታል ይዛው ትመጣለች። ወፍራም አለ፣ ስስ አለ፣ ባለ መስመር አለ፣ የሕፃንም አለ። ሁሉም አንድ ዓይነት ሽታ ነበራቸው፤ የሆቴል ሳሙና። እኔ ግን ያኔ የላንጋኖ ሽታ ይመስለኝ ነበር።

«ጓደኛው የጠፋበት ካልሲ ለእግር አይሆንም፤ ለእጅ ግን ይሆናል» ይሉ ነበር አኮ ሎሚ።

አሻንጉሊት መሥራት ያስተማሩን በነዚያ ካልሲዎች ነው። ከብስኩት ካርቶን እንቁላል የሚመስል ቅርጽ ቆርጠን ለሁለት እናጥፈዋለን፤ አፉ ያ ነው። የካልሲው ጫፍ በመቀስ ይሰነጠቅና ካርቶኑ ይሰፋበታል። ዓይኑ ከአሮጌ ሸሚዝ የተነቀለ ቁልፍ ነው፣ ፀጉሩ የተተረተረ ሹራብ ክር። መርፌ የሚይዙት አኮ ብቻ ነበሩ። እኛ የክሩን ጫፍ በምራቃችን እያሾልን እናቀብላቸዋለን፤ ዓይናቸው ደከም ያለ ስለነበር መርፌው ቀዳዳ ውስጥ የምንከተውም እኛ ነን። የቱ ቁልፍ በየት በኩል ይሁን ብለው ይጠይቁናል። አንዱ ዓይን ከሌላው ዝቅ ብሎ ቢቀመጥ እንኳ አያስተካክሉም፤ የጠየቅነውን ቦታ ይሰፉታል።

ቀን ግን መሥራት ብቻ ነው። አሻንጉሊቶቹ ቀን አይናገሩም። አኮ ሎሚ ባደጉበት አገር ፀሐይ ሳትጠልቅ ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋል ይባላል። ከግቢያችን ሰው አንድም ከብት ያለው አልነበረም፤ ቢሆንም እንፈራ ነበር።

ሲመሻሽ፣ ያ አቧራ የሚያነሳው የአዳማ ነፋስ ሲበርድ፣ አኮ ከሰል ምድጃቸውን ደጃፋቸው ላይ አውጥተው ያያይዛሉ። ወይ በቆሎ ይጠብሳሉ ወይ ድንች ይቀቅላሉ። ጭሱ መጀመሪያ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ኋላ ፍሙ እየቀላ ሲመጣ ይተወናል። መብራት የጠፋ እንደሆነ ባዶ የሳርዲን ቆርቆሮ ላይ ሻማ ያቆማሉ፤ ያኔ ግድግዳው ላይ የካልሲዎቹ ጥላ ከኛ ይበልጥ ነበር። ተረቱን የሚጀምሩት እሳቸው ናቸው፤ ጅቡም ጦጣውም የሚናገሩት ግን በኛ እጅ ነው። እሳቸው ራሳቸው እጃቸውን ካልሲ ውስጥ ከተው አያውቁም። ሸካራ እጅ ካልሲ ይስባል ይሉ ነበር።

ከሁሉም የሚበልጠው አያ ነጠሎ ነበር። ግራጫ ነው፣ አንገቱ ላይ ቀይ መስመር አለው። ተረት ውስጥ ጅብ «አያ ጅቦ» እንደሚባለው፣ ነጠላ ካልሲ ስለሆነ አያ ነጠሎ ተባለ። አያ ነጠሎ ሽማግሌ ነው፣ ሁሉን አውቃለሁ ይላል፣ ሲቆጥር ግን ሁልጊዜ ይሳሳታል። «ቶኮ፣ ሁለት፣ ሰዲ፣ አምስት» ይላል፣ ኦሮምኛውን ከአማርኛው ቀላቅሎ። እሱን ያጠለቀ ልጅ የመሳሳት ግዴታ አለበት፣ የቀረነው ደግሞ የማረም። አኮ ይህን ያደረጉት እንድንማር ብለው መሆኑ የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ትምህርት ቤት ስሜ ሲጠራ «አቤት» ማለት አቅቶኝ እጄን ብቻ የማወጣ ልጅ ነበርኩ። አያ ነጠሎ ሲሳሳት ግን ከሁሉም ቀድሜ «አራትን ዘለልክ» እላለሁ። እሱን የማጠልቀው እኔ ከሆንኩ ደግሞ ድምፄ ይወፍራል፤ አባቴ አንድ ቀን ከደጅ ሰምቶኝ የማን ልጅ ናት ብሎ ጠይቋል።

እንቆቅልሽ ስንጫወት ደንቡ ሁሉም የሚያውቀው ነበር። መልሱን ያላወቀ ሰው ለጠያቂው አገር ይሰጣል። ጠያቂው የተሰጠው አገር ገብቶ እንዴት እንደተንደላቀቀ፣ አገር ሰጪውን እንዴት እንዳዋረደው ይናገርና መልሱን ይገልጻል። እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ ነበር። የተሰጠው አገር ጨዋታው ሲያልቅ ለባለቤቱ እንደሚመለስ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አያ ነጠሎ ናቲ እጅ ላይ ነበር። ናቲ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ በአንድ ዓመት ይበልጠኛል፣ ያኔ የፊት ጥርሶቹ ወልቀው ስለነበር ሲናገር ያፏጫል። አኮ ጨው ሊያመጡ ወደ ውስጥ ገብተዋል። ናቲ ካልሲውን ወደ እኔ አዞረና «እንቆቅልሽ» አለኝ። «ምን አውቅልህ» አልኩት።

«ሲወጡ ይከተላል፣ ሲገቡ ደጅ ይቀራል።»

አሰብኩ፣ አላወቅኩትም። አገር ስጪኝ አለ። ከኔ በፊት ሌሎቹ አዲስ አበባንና ሐዋሳን ሰጥተውታል። እኔ ላንጋኖን ሰጠሁት። ሌላ የማውቀው አገር ስላልነበረኝ ይመስለኛል። ምናልባት ደግሞ አያ ነጠሎ እዚያ ከገባ እናቴን አይቷት ይመጣል ብዬ ይሆናል።

«ላንጋኖ ገብቼ» አለ ናቲ ድምፁን አወፍሮ፣ «ዓሣዬን ጠብሼ፣ በጀልባ ተንሸራሽሬ፣ ለስላሳ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ አንቺን ካልሲዬን አሳጥቤ፣ መልሱ ጫማ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም የሳቅኩ ይመስለኛል። አኮ ጨዉን ይዘው ወጡና በቆሎውን አከፋፈሉን።

በዚያ ሳምንት ቅዳሜ የእናቴ ተራ ነበር። አልመጣችም። አባቴ ሥራ በዝቶባት ነው አለኝ። በሁለት ሳምንቱም አልመጣችም፤ አሁንም ሥራ በዝቶባት ነው አለኝ። ነጠላ ጫማዋ በራችን ላይ እንደተቀመጠ ነበር፣ አንዱ ዞሮ። መልሱን፣ ጫማውን፣ እያየሁት ስለምውል ነው መሰለኝ የናቲ እንቆቅልሽ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። ላንጋኖ የኛ መሆኑ ቀርቷል። እናቴ ያለችው የሰው አገር ነው። የሰጠሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ይህ የልጅ ሐሳብ ነው ብዬ እንዳልተወው ናቲ አጸናብኝ። አንድ ቀን በኳስ ተጣላንና፣ እኔ ዝም ብዬ ኳሱን ይዤ ስቆም፣ «ላንጋኖ እኮ የኔ ናት። እናትሽ እኔ ካልፈቀድኩ አትወጣም» አለኝ። ወዲያው ረሳው፤ ማታ በቆሎውን አካፈለኝ። እኔ አልረሳሁትም።

ከዚያ በኋላ ካልሲም ማጥለቅ ተውኩ። አላለቀስኩም። ሰው ሲያወራ ይሰማኛል፣ ግን ከግድግዳ ወዲያ እንደሚወራ ነበር። ስበላ የምበላውን አላውቀውም። ትዝ የሚለኝ እጄ ነው፤ ተኝተውበት ሲነቁ እንደሚደነዝዘው ሆኖ ነበር፣ ቀኑን ሙሉ። አባቴ ግንባሬን እየዳበሰ ትኩሳት የለባትም ይላል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ሌሎቹ ልጆች ውጭ ሲጫወቱ፣ አኮ ሎሚ አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ማል ታቴ፣ ኢንተላ ኮ?» አሉኝ። ምን ሆነሻል ማለታቸው ነው። ብዙ ጠብቀው ወደ ውስጥ ገቡ። ሲወጡ አያ ነጠሎን ይዘውታል። ተቀመጡና ያንን ሸካራ እጃቸውን ቀስ ብለው ከተቱበት። የካልሲው ክር ጣታቸው ላይ ሲያዝ፣ ሲያላቅቁት፣ እንደገና ሲያዝ አየሁ።

«ፀሐይ እኮ አልጠለቀችም» አልኳቸው። ከስንት ቀን በኋላ የተናገርኩት የመጀመሪያው ነገር ነበር።

«ከብት የለኝ፣ ምን ይጠፋብኛል» አሉ።

ካልሲው አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። አንዱ ዓይኑ ከሌላው ዝቅ ይላል፤ ያንን ዓይን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ለአኮ ልነግራቸው የማልችለው ነገር ለሱ ወጣልኝ።

«ላንጋኖን መልስልኝ» አልኩት።

ለምን አለኝ። እማዬ እዚያ ስላለች አልኩት። ናቲ ካልፈቀደ አትወጣም አልኩት። የካልሲው አፍ ተከፈተና ተዘጋ። ቆይቶ፣ አገር እንዲሁ አይመለስም፣ በተወሰደበት መንገድ ነው የሚመለሰው አለኝ። ጠይቂኝ አለኝ።

«እንቆቅልህ» አልኩት።

«ምን አውቅልሽ?»

የማውቀው እንቆቅልሽ ሁሉ ጠፋኝ። የመጣልኝን ጠየቅኩት። «እማዬ የት ናት?»

ከግቢው ውጭ ናቲ ጎል ገባ አልገባም እያለ ሲጨቃጨቅ ይሰማል።

«አላወቅኩትም» አለ ካልሲው በመጨረሻ። «አገር ልስጥሽ። ላንጋኖን ከነሐይቁ ሰጥቼሻለሁ።»

ተቀበልኩ። በደንቡ መሠረት አሁን መልሱን የምናገረው እኔ ነኝ። መልሱን እኔም እንደማላውቀው ነገርኩት። አኮ ሎሚ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። እጃቸው ግን ወደ እኔ እንደዞረ ነበር።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ ካልሲው። «አላውቅም ያልኩሽ አገርሽን እንድመልስልሽ ነው። ይሄኛው ተረት አይደለም፣ ቀንም ይነገራል። እናትሽ ላንጋኖ የለችም። በአይሮፕላን ተሳፍራ ቤይሩት ሄዳለች፣ ለሥራ። ታለቅሻለች ብለው ነው የደበቁሽ። ለማንም አልሰጠሻትም።»

ያኔ እንኳ አላለቀስኩም። ቤይሩት ከሻሸመኔ ይርቅ እንደሆነ ጠየቅኩት። ይርቃል አለኝ። ከዚያ አኮ ካልሲውን አወለቁና ድንች ሊልጡ ገቡ። እኔ ፀሐዩ ላይ ቁጭ ብዬ ቀረሁ። እጄን ከፍቼ ዘጋሁት። ትንሽ ይሰማኝ ነበር።

ማታ አባቴ ሲመጣ ቤይሩት ሐይቅ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። እጁን ሳይታጠብ ወጣ። እናቴ ከመሄዷ በፊት የግቢውን ሰው ሁሉ ለልጅቷ እንዳትነግሩ ብሎ አስምሎ ነበርና በቀጥታ አኮ ሎሚ ደጅ ሄዶ ቆመ። ተከትዬው ሄድኩ። ልብሱ ላይ ያለው ዱቄት በፍሙ ብርሃን ቀይ ይመስላል። አባቴ ሲቆጣ ድምፁን አይጨምርም፣ እንዲያውም ይቀንሳል።

«አኮ፣ ምለውልኝ አልነበር?»

«ምያለሁ» አሉ አኮ ከምድጃው ቀና ሳይሉ። «የማለው የኔ አፍ ነው። ካልሲውን አላስማልከውም።»

ከተከራዮቹ አንዱ ቤቱ ውስጥ ሆኖ ሳቀና ሳቁን ዋጠው። አባቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠና ካልሲውን አንስቶ፣ ጫማ ውስጥ ጠጠር እንደሚፈልግ ሰው ውስጡን ተመለከተ። እናቴ ያመጣችው ካልሲ ነውና ወደ ቤት ይዞት ገባ፤ አኮም መልስልኝ አላሉትም። ከዚያ ወዲያ እናቴ የደወለች ቀን፣ ያለችውን የሚነግረኝ ካልሲውን አጥልቆ ነው። አልቻለበትም፣ የካልሲውን አፍ ማንቀሳቀስ ይረሳዋል። አንድ ጊዜ ብቻ አፉን አንቀሳቅሶ፣ ግን በራሱ ድምፅ፣ «እኔም እንድትሄድ አልፈለግኩም» አለ። ከዚያ ወዲያ አላጠለቀውም። ካልሲው የኔ ሆኖ ቀረ።

እናቴ የተመለሰችው አምና ነው፣ ለእረፍት ተብሎ። እኔ አስራ ስድስት ልሞላ ትንሽ ቀርቶኝ ነበር። በዚያ ሁሉ ዓመት በስልክ አውርተናል፤ በስልክ ግን እኔ የማወራው ጥቂት ስለሆነ ያወራችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። ቤት ውስጥ እንደ እንግዳና እንደ አስተናጋጅ ነን፤ እንግዳዋ የትኛችን እንደሆንን አልገባኝም። ሻይ ስሰጣት አመሰግናለሁ ትለኛለች። አንዳንዴ ረጅም ቁጥር ያለው ስልክ ይደወልላትና ወደ ግቢ ትወጣለች። የቤይሩት አሠሪዎቿ መቼ ነው የምትመለሺው እያሏት እንደሆነ አባቴ ነግሮኛል። እሷ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

አኮ ሎሚ አሁን አዳሚ ቱሉ ልጃቸው ጋ ነው ያሉት። ናቲ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ያጠናል፤ ላንጋኖን ወስዶብኝ እንደነበር ብነግረው የሚያስታውሰው አይመስለኝም።

ባለፈው ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናቴ ቁም ሣጥን ስታጸዳ ግራጫውን ካልሲ አገኘችው። አንድ ዓይኑ ወልቋል፣ የቀረው ዝቅ የሚለው ነው። ከሚጣሉት ጋር ልታደርገው ስትል ቆም አለችና፣ የማን ነው፣ ጓደኛውስ የት አለ አለችኝ። ያመጣችው እሷ መሆኗን አላወቀችም። ተቀብዬ እጄ ላይ አጠለቅኩት። እጄ አድጓል፤ ካርቶኑ ውስጡ ተሰባብሮ አፉ በአንድ በኩል ብቻ ይከፈታል። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

«እንቆቅልሽ» አልኳት።

እናቴ አየችኝ። ከዚያ ካልሲውን አየችው። ቋንቋ እንደረሳ ሰው ዘግይታ፣ «ምን አውቅልሽ?» አለች።

ሲወጡ ይከተላል፣ ሲገቡ ደጅ ይቀራል አልኳት። ዓይኗ ወደ በሩ ሄዶ ተመለሰ። አውቃዋለች ብዬ ነበር። አላወቅኩትም አለችኝ። አገር ልስጥሽ አለች። ላንጋኖን የምትለኝ መስሎኝ ነበር፤ ላንጋኖ የኔ እንደሆነ አታውቅም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የሚጣሉትን ልብሶች ጭኗ ላይ እያጠፈች ብዙ ቆየች። አንዱን ሸሚዝ ሁለት ጊዜ አጠፈችው።

«ቤይሩትን ሰጠሁሽ» አለች።

«ቤይሩት ገብቼ» አልኩና ቆምኩ። እዚያ ምን እንደሚበላ፣ በምን እንደሚንሸራሸሩ አላውቅም። ስለዚህ መልሱ ጫማ ነው ብቻ አልኳት። እሷም እንዴት ሳላውቀው አለችና ልብስ ማጠፏን ቀጠለች።

ትሂድ አትሂድ አላውቅም። ስልኩ አሁንም ይደወላል። ካልሲ ውስጥ ያለ እጅ የሚነካው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ የቀዘቀዘውንም የሞቀውንም አይለይም፤ እኔም ስለ እሷ የሚሰማኝ አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው። ቤይሩትን ግን ሰጥታኛለች፤ አሁን የኔ ናት። የተሰጠ አገር እንደሚመለስ፣ በምን መንገድ እንደሚመለስም አውቃለሁ። አልነገርኳትም።